እጅጌው እስከ ክርን

ጥቅምት 12 ቀን

ለልጄ ለሽቦ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ አይግባብህ፣ ሥራው አይክበድህ፣ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ። እኔ አክስትህ፣ ተመስገን፣ ለደብዳቤ የሚበቃ ክፉ ነገር የለብኝም።

"ለሽቦ" ብዬ ስጀምር ጫማ ሰፊው በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ አነበበና "ዶክተርን የሚያህል ሰው ሽቦ ይባላል?" ብሎ ተቆጣኝ። ይኼ ሰውዬ ከሱቄ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ ዐሥራ አምስት ዓመት አለፈው፤ ሥራው ጫማ ቢሆንም ዓይኑ ከሰው ወረቀት አይነሳም። "ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ" አልኩት። "እናቱ፣ እህቴ፣ ሞታብኝ ልጁ እጄ ላይ ሲወድቅ፣ ወገቡን ልለካ ሜትሬን ብጠመጥምበት ዞሮ ዞሮ የሚቆምበት አጣ።" ወደ ጫማው ዞረ።

ስልክ አብዝተሽ ተጠቀሚ ትለኛለህ። ስልክ ላይ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ከመባባል ሌላ ምን ይወራል? ደብዳቤህን ግን ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ፣ ከክሮቹ ጋር አኑሬ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሜ አነበዋለሁ።

ክኒኑ ደርሶኛል። አምና ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ይልብኛል ብዬ ስጽፍልህ ይህን ዚንክ የሚባለውን ልከህ "የደም ሥርን ያጠነክራል፣ ለልብም ጥሩ ነው" ብለኸኝ የለ? ከዚያ ወዲህ ይኸው ሳላቋርጥ እየዋጥኩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ያንቺ መድኃኒት እኮ ከሐኪሙ እጅ ነው የሚመጣው" ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ፤ ምን እዋሽሃለሁ፣ ደስ ይለኛል። አሁን የተማሪዎች ዩኒፎርም ደርሶብኝ ከወንበሬ አልነሳም። ትንሽ ትንሽ ይደክመኛል፤ እርጅና ነው። ብልቃጡ ሊያልቅ ስለሆነ እባክህ ሁለት ላክልኝ። ጫማ ሰፊውም ለእሱ አንድ እንድትጨምርለት ለምኖኛል። ምኑን እንደሚያመው ብጠይቀው "እስኪመጣ አስብበታለሁ" አለኝ።

ሌላው፣ ነጩ ጋውንህ ሳያልቅ አይቀርም። ከሄድክ ስድስት ዓመትህ ነው፤ አንድ ቀን "መጣሁ" ሳትል ሁልጊዜ "ሥራ አልለቀቀኝም"። የሰው ሕይወት በእጅህ ነውና አልፈርድብህም። ባትመጣም ልክህን ላክልኝና አዲስ ልስፋልህ። ወፍረህም እንደሆነ አትደብቀኝ፣ ጨርቅ ያሳብቅብሃል።

ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

አክስትህ

ኅዳር 8 ቀን

እናትም አባትም ለሆንሽኝ ለእቴቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንደ ምኞቴ፣ ቤትሽ እንደ ልብሽ ይሁን። እኔ እዚህ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም መልካም ነው።

የጠየቅሽኝን ሁለት ብልቃጥ ልኬያለሁ። እያንዳንዱ መቶ ክኒን አለው። ለጫማ ሰፊው ግን አልላክሁም፤ "ያላመመው ሰው መድኃኒት አይታዘዝለትም ብሏል" በይልኝ።

ስለ ዚንኩ በደንብ እንድታውቂው ላብራራልሽ። በደማችን ውስጥ በመጠናቸው እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ማዕድናት አሉ፤ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሌኒየም የሚባሉ። የአንድ ሰው ደም ውስጥ ያሉት ሁሉ ቢሰበሰቡ በሁለት ጣት ቆንጥረሽ የምትይዢውን ጨው አያህሉም። ግን አንዳቸው ሲጎድሉ ልብም የደም ሥርም ሥራቸው ይዛባል። እኛ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የምንለካው እነሱን ነው። ስለዚህ በቀን አንድ፣ ከምግብ በኋላ ዋጪ። ድካሙ የሥራ ብዛት ስለሆነ አያሳስብሽ፤ ዕረፍት አድርጊበት።

ለጋውኑ አመሰግናለሁ። ደረቴ ዘጠና አራት፣ ትከሻዬ አርባ አራት፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት። አንድ የማስቸግርሽ ነገር አለ፤ እጅጌው እስከ ክርን ብቻ ይሁን፣ ከክርን በታች ጨርቅ አይኑርበት። ጨርቁም ብዙ እጥበት የሚችል ይሁን። ሥራው እንደዚያ ይፈልጋል።

የመምጣቴን ነገር በተመለከተ፣ ዘንድሮም የሥራው ሁኔታ አልፈቀደልኝም። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ልጅሽ

ጥር 26 ቀን

ለልጄ ለሽቦ፣

እንደምን አለህ? መንገድህን ያቅናልህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኔ ደህና ነኝ።

ዘገየሁብህ። ጋውኑ ካለቀ ቆይቷል፤ ግን ሳልልከው በፊት ሳምንት ሙሉ መስኮቴ ላይ ሰቅዬ አዋልኩት። አላፊ አግዳሚው አየው። ከወዲያ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ሳትቀር መጥታ ዳሰሰችው። ኪሱ ላይ በሰማያዊ ክር "ዶክተር" ብዬ ጠልፌበታለሁ፤ እጅጌውንም እንዳልከኝ ከክርን ላይ ቆርጬዋለሁ። እንግዲህ ሲያምርብህ ፎቶ ተነሳበት።

የዘንድሮውን የዩኒፎርም ሥራ ግማሹን ለዚያችው ለማዶዋ ሰፊ ሰጠኋት፤ እሷም ትብላ። ከሱቄ በላይ ያለውን ክፍሌን ታስታውሳለህ አይደል? ደረጃው ዐሥራ አራት ነበር። ማን እንደጨመረበት አላውቅም፣ ዘንድሮ ሁለቴ ካላረፍኩ አያልቅም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህና ሳቅ። ባለፈው ቅዳሜ ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ጫማ ሰፊው አየኝና "አንዱን ጫማሽን ለማን ሰጠሽው?" አለኝ። ዝቅ ብዬ ባይ ግራ እግሬ ባዶውን ነው! ሮጦ ሄዶ መሻገሪያው ላይ ወድቆ አገኘው። "እንዴት አልታወቀሽም?" ቢለኝ "ሐሳብ ላይ ነበርኩ" አልኩት። እስከ ዛሬ ሰው ባለፈ ቁጥር እያወራው ይስቃል።

ክኒኑ ሊያልቅ ነው። አሁንስ አራት ብልቃጥ ብታደርገው ጥሩ ነበር፣ በየጊዜው ከማስቸግርህ።

አክስትህ

የካቲት 24 ቀን

ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጋውኑ ደረሰኝ፤ እጅሽን አይንሳኝ።

ሳልለብሰው በፊት ገለበጥኩት። "ልብስን በውስጡ ነው የሚያዩት፣ ላዩንማ ጌታውም ያየዋል" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የግራ ጎኑን ስፌት ከብብት ጀምሬ በጣቴ ወረድኩበት። ክሩ ተበጥሶ እንደገና የተጀመረበትን ቋጠሮ ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ ነው። የቀኙ ጎን ዘጠኝ።

እቴቴ፣ አንቺ ጎን የምትሰፊው በአንድ ትንፋሽ ነው። ልጅ ሳለሁ ከመኪናው ሥር ተኝቼ እግሮችሽ ፔዳሉን ሲረግጡ አይ ነበር፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ነው። ለሥራ መማር የሚመጡት ልጆች የፔዳሉ አረጋገጥ ሲጠፋባቸው ጎማው ወደ ኋላ ይዞርና ክሩ ጧ ይላል። አንቺም "እግራችሁ ተኝቷል፣ ቀስቅሱት" ትያቸው ነበር። ያንቺ እግር ሲተኛ ግን አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ደወልኩልሽ፤ "ደህና ነኝ" ብለሽ ዘጋሽው። ስለዚህ በወረቀት እጠይቅሻለሁ። እግርሽ ምን ሆኗል? ጫማ ከእግር ሲወልቅ እንዴት አይታወቅም? ደግሞ በኅዳር የላክሁልሽ ሁለት ብልቃጥ በቀን አንድ ቢዋጥ እስከ ሰኔ ያደርስሽ ነበር። አንቺ ግን በሁለት ወር ጨርሰሽ አራት ጠየቅሽኝ። በቀን ስንት ነው የምትውጪው?

እስክትመልሺልኝ ድረስ አንድም አልልክም።

ልጅሽ

መጋቢት 15 ቀን

ለልጄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ልብስ ገልብጦ እንዲያይ ላስተማርኩት ልጅ ጋውን ሰፍቼ መላኬ የራሴ ጥፋት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እንግዲህ ልናገር። ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ መጀመሪያ የእግሬን ጣቶች ወረረኝ። ከዚያ ደነዘዘኝ። አሁን መሬቱን ስረግጠው ጥጥ ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። ዓይኔን ስጨፍን እግሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ፊቴን ስታጠብ እንኳ በአንድ እጄ ግድግዳ መያዝ ጀምሬያለሁ። ፔዳሉን ረግጬዋለሁ ስል አልረገጥኩትም፣ አልረገጥኩትም ስል ጎማው ወደ ኋላ ዞሮ ክሩ ይበጠሳል። ሠላሳ አራት ዓመት በሰራሁበት መኪና ላይ እንደ ጀማሪ ክር እየቀጠልኩ ተቀምጬ አለቀስኩ። የማዶዋ ሰፊ እንዳታየኝ መጋረጃውን ጋርጄ።

ልቤም ያው ነው። ደረጃ ስወጣ እንደ ተባረረ ሰው ይመታል።

በታኅሣሥ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን ጨዋ። ደሜን አስመርምራ "ደም አንሶሻል" ብላ የብረት ክኒን ሰጠችኝ። ሁለት ወር ዋጥኩ፣ ምንም። "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። "የለም" አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ ልንገርህ። ልጄ የላከልኝን ብትከለክለኝስ ብዬ ነው። ደግሞ የራሴ ሐኪም እያለኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ መሄዴን ብትሰማ ታዝንብኛለህ ብዬም ነው።

በቀን ስንት ላልከኝ፣ ሦስት ነው። አንተ አንድ ብለሃል፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ሸክም የሚበዛበትን ስፌት በአንድ መስመር ትቼው አላውቅም። የሱሪ መቀመጫ፣ የብብት ሥር፣ የኪስ አፍ፣ ሦስቴ ነው የምመላለስበት። ልቤም ሸክም ከበዛበት በአንድ መስመር አይሆንም ብዬ ካለፈው ክረምት በፊት ጀምሮ ሦስት አደረግሁት።

ይኸው ነው። አሁን ሐኪሙ አንተ ነህ፤ ያልከኝን ሁሉ አደርጋለሁ። መኪናሽን ሽጪ ብቻ አትበለኝ።

አክስትህ

መጋቢት 30 ቀን

እቴቴ፣

ዛሬ ሰላምታውን ተይልኝ። ረጅም ሰላምታ የምጽፈው የምደብቀው ነገር ሲኖረኝ ነው።

ትናንት ደውዬ "ክኒኑን ሁለተኛ እንዳትውጪ" ስልሽ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሽኝም። "እሺ ዶክተር" ብለሽ ዘጋሽው። ይህን ቃል ተሸክሜ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ፤ ከዛሬ በላይ አልችለውም።

እኔ ዶክተር አይደለሁም። የላቦራቶሪ ባለሙያም አይደለሁም። ብልቃጥ አጣቢ ነኝ።

ለትምህርት ነበር የመጣሁት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ፈተናውን ወደቅኩ፤ ደግሜ ተፈተንኩ፣ ደግሜ ወደቅኩ። ከዚያ እዚህ የእጥበት ሥራ አገኘሁ። "የደም ምርመራ ቤት ሥራ ገባሁ" ብዬ ጻፍኩልሽ፤ ይህ ውሸት አልነበረም። አንቺ "ዶክተር ሆንክልኝ!" ብለሽ መለስሽልኝ። ማረም ነበረብኝ፤ አላረምኩሽም። በሚቀጥለው ደብዳቤ አርማለሁ ስል ሌላ ደብዳቤ መጣ፣ ሰፈሩ ሰማ፣ ጫማ ሰፊው ሳይቀር ሰላምታ ላከልኝ። ስድስት ዓመት ያልመጣሁት ሥራ ስላልለቀቀኝ አይደለም። አንዱ ጎረቤት ደረቱን ገልጦ "እስቲ ልቤን ስማልኝ" ቢለኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትዪ ነበር። ጊዜው ይህ ነው።

ዚንኩን የላክሁልሽም አጥንቼ አይደለም። ሁለት ባለሙያዎች ሲያወሩ አንደኛዋ "ዚንክ ለደም ሥር ጥሩ ነው" ስትል ሰማሁ። ቀሪውን ሳልሰማ ብልቃጦቼን ይዤ ወጣሁ። የሰማሁትን ግማሽ ወሬ ነው ያዘዝኩልሽ። አምና ደጋግመሽ ስትጠይቂኝም መቁጠር ነበረብኝ፤ ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ ላክሁ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አለቃዬ ዘንድ ይዤው ገባሁ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሦስት ክኒን የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

"ይህን ማን አዘዘላት?"

"እኔ" አልኳት።

"አንተ ምን ሆነህ?"

"ሐኪም ነኝ ብያት ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቃዬ ግን አልጮኸችብኝም። ወንበር ሳበችልኝና ወረቀት አውጥታ እየጻፈች ነገረችኝ። እኔም እንደገባኝ ልንገርሽ፤ ዛሬ የምነግርሽ ከእሷ አፍ እስከ መጨረሻው የሰማሁትን ነው። ዚንክ አንጀት ውስጥ ሲበዛ፣ አንጀት እሱን ለመጠበቅ ዘበኛ ያበዛል። ዘበኛው ግን አጥብቆ የሚይዘው ዚንኩን ሳይሆን መዳቡን ነው። ይዞም ወደ ደም ሳያሳልፍ ያስወጣዋል። መዳብ ከሌለ ደም አይሠራም፤ የቱንም ያህል ብረት ብትውጪ ዋጋ የለውም። ልብ ይደክማል፣ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። በቀን አንዱም ቢሆን ደም ሳይለካ ለዚህ ያህል ጊዜ ይበዛ ነበር አለች። ሦስት ማድረጉ ያንቺ ነው፤ አንዱን ማዘዙ ግን የእኔ ነው።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ባዶውን ብልቃጥ በእጅሽ ይዘሽ ወደዚያች ሐኪም ሂጂ። "የለም ያልኩሽ ዋሽቼ ነው" በያት። ሦስት እንደነበርም ንገሪያት። አለቃዬ የጻፈችላትን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ የመዳቡን መጠን እንድትለካ ነው የሚለው። ከጀርባው በእርሳስ የጻፍኩት ግን የእኔ ነው። ደምሽ ተራ የጎማ ክዳን ባለው ቱቦ እንዳይቀዳ፤ ጎማው ራሱ ዚንክ ይለቃል፣ ውጤቱን ያበላሸዋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሳጥብ ነው ያወቅሁት። እኛ ጋ ብልቃጥ አሲድ ውስጥ አድሮ፣ ደጋግሞ ታጥቦ፣ በባዶ እጅ አይነካም። የጣት ላብ እንኳ ዚንክ አለው። ጓንቴ እስከ ክርን ነው። እጅጌው ለምን እንዳጠረ አሁን አወቅሽ።

ኪሱ ላይ የጠለፍሽውን ቃል በመርፌ ፈትቼዋለሁ። ቀዳዳዎቹ ግን አሁንም ይነበባሉ።

ልጅሽ፣ ካልሽኝ

ግንቦት 12 ቀን

እቴቴ፣

መልስ አላገኘሁም። አራት ጊዜ ደወልኩ። በአራተኛው ጫማ ሰፊው አነሳው። "በሕይወት አለች። ጤና ጣቢያም ሄዳለች። 'እጽፍለታለሁ በለው' ብላለች" አለኝ። "ተቆጥታ ነው?" ስለው "እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ" ብሎ ዘጋው።

እግርሽ እንዴት ሆነ? ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ያንን ብቻ።

ልጅሽ

ሰኔ 20 ቀን

ለልጄ ለሽቦ፣

እንደምን አለህ? ልብህ ይረፍ፣ እንቅልፍህ ይመለስ፣ እጅህ አይቁሰል። እኔ ደህና ነኝ፤ ይህን ጊዜ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ እግሬን። ሐኪሟ ዘንድ ብልቃጡን ይዤ ገባሁና "ያኔ የለም ያልኩሽ ዋሽቼ ነው" አልኳት። ብልቃጡን አገላብጣ አየችው፣ የአለቃህን ወረቀት ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ገለበጠችና በእርሳስ የጻፍከው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። "የቱቦውን ነገር ማን ነገረሽ? እኛ እኮ ብንልከውም ውጤቱ እየተበላሸ ይመለስብን ነበር" አለችኝ። "ብልቃጥ የሚያጥብ ልጅ አለኝ" አልኳት። አፌን ሞልቼ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብዬ አላውቅም። ሌላ ቱቦ አስፈልጋ፣ ሦስት ቀን አስጠብቃ ቀዳችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ዚንኩ ከልክ በላይ፣ መዳቡ ግን ከምንም የማይቆጠር ሆነ።

አሁን መዳቡን እየወሰድኩ ነው። በቀን አንድ! ሐኪሟ ጣቷን ቀስራ ነው የነገረችኝ፤ በየሁለት ሳምንቱም ክኒኖቹን ታስቆጥረኛለች፣ እኔ እንደ ተማሪ እቆጥራለሁ። ደሜ ሞልቷል። ልቤም አደብ ገዝቷል። ደረጃው ወደ ዐሥራ አራት ተመልሷል። እግሬ ግን ሁሉም አይመለስም ብላኛለች። ተረከዜ ከእንቅልፉ ነቅቷል፣ ጣቶቼ ገና ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ ቢያንስ ከእንቁላል እሻላለሁ። ፔዳሉን በባዶ እግሬ፣ በተረከዜ መርገጥ ተለማምጃለሁ። ከትናንት በስቲያ የአንድ ቀሚስ ጎን በአንድ ትንፋሽ ሄደልኝ። መጋረጃውን ከፍቼ የማዶዋን ሰፊ ጠራኋትና አሳየኋት።

አሁን ወደ ዝምታዬ። ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን የተቆጣሁት አንተ እንደመሰለህ አይደለም።

እኔ አውቅ ነበር።

ለሐኪም ጋውን ስሰፋ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሐኪም እጅጌው ረዝሞ፣ አንጓው ላይ በቁልፍ እንዲዘጋለት ነው የሚፈልገው። "እስከ ክርን አሳጥሪልኝ" ያለኝ የለም። ከክርን ላይ ቆርጬ የማውቀው ለልብስ አጣቢዎች ነው። በኅዳር ደብዳቤህ ደርሶ ያንን እጅጌ ስቆርጥ መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። "ይህ ልጅ እጁ ውኃ ውስጥ ነው የሚውለው" አልኩ። ካወቅሁ በኋላ ምን አደረግሁ መሰለህ? ክሩን መርጬ "ዶክተር" ብዬ ጠለፍኩበት። መስኮት ላይም ሰቀልኩት። የዘገየሁብህ ለዚያ ነው። "የዶክተሩ አክስት" መባል ጥሞኝ ነው። ክኒኑንም ሐኪም እንዳላዘዘው እያወቅሁ ዋጥኩት፤ ካቆምኩት ማወቄን ለራሴም መንገር ሊኖርብኝ ነበር። ውሸቱን የቆረጥከው አንተ ነህ፤ የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ሁለት ወር የተቆጣሁት በራሴ ነው። ለራሴ ደግሞ ደብዳቤ አይጻፍ ነገር።

አንድ ነገር ግን አስቀየመኝ። "ልጅሽ፣ ካልሽኝ" ብለህ ጽፈሃል። ሁለተኛ እንዲህ ብትጽፍ በሜትሬ እገርፍሃለሁ። እኔ ሐኪም አላሳደግሁም፤ ሽቦ ነው ያሳደግሁት።

እና ባለፈው ሐሙስ እንዲህ ሆነ። ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ስቆርጥ ጫማ ሰፊው በመስኮቱ ብቅ አለና "አሁንም ለዶክተሩ? መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ። ሁለት ደንበኛ ተቀምጦ ነበር፣ የማዶዋም ሰፊ ነበረች። "ዶክተር አይደለም" አልኩ። "ብልቃጥ አጣቢ ነው። ከበሽታዬ ያተረፈኝ ግን እሱ ነው።" ስንት ዓመት የነፋሁት ደረት በአንድ ቃል ተነፈሰ። ጫማ ሰፊው በአፉ የያዛትን ሚስማር አወጣ።

"ታዲያ ይምጣ እንጂ" አለ። "ከዶክተር ጋርማ ምን እናወራ ነበር?"

ጋውኑ ይኸው መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። እጅጌው እስከ ክርን ነው። ኪሱ ላይ ምንም አልጠለፍኩም። የቀኙን ጎን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ገልብጠህ ብታየው ሁለት ቋጠሮ ብቻ ነው የምታገኝበት። የግራውን ግን በስፒል ይዤ ተውኩት። ስድስት ዓመት ሳላይህ በወረቀት ልክ ሰፋሁልህ፤ ከእንግዲህ አልሰፋም። ቆመህ፣ እጅህን ዘርግተህ፣ ሜትሬን ካልጠመጠምኩብህ ያ ጎን አይዘጋም።

አሁን መምጣት ትችላለህ። ልቤን ስማልኝ የሚልህ የለም።

አክስትህ